ውኃው የት ገባ?

በአዲስ አበባ ከተማ ጧት ጧት በየግቢው በር ላይ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ኮፈኑን ይከፍትና በሃይላንድ ጠርሙስ የያዘውን ውኃ ወደ ራዲያተሩ ያንቆረቁራል። ትናንት ሞልቶት ነበር፤ ዛሬ ጎድሏል። ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያያል፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹን በእጁ ይዳስሳል፤ እርጥበት የለም። «ይሁን» ብሎ ክዳኑን ይዘጋና ጉዞውን ይቀጥላል። ነገም እንደዚሁ ያደርጋል።

እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣውን ዳገት በመኪና ሰልፍ መካከል እያዘገመ ሲወጣ፤ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ይደርሳል፤ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ይትጎለጎላል፤ ሞተሩም ጸጥ ይላል። በጠርሙስ ውኃ ሲደለል የኖረው በሽታ በመጨረሻው የሞተር ዋጋ ያስከፍላል።

አንባቢዎች ሆይ፤ «እኔ ተማሪ ነኝ» ወይም «የእኔ ደመወዝ ለአውቶሞቢል አይበቃም፤ ይህ ምን ያገባኛል?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። አባቱ ወይም አጎቱ በአንዲት ላዳ ታክሲ ገቢ ያስተማሩት ልጅ ጥቂት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ላንድሮቨር ለመስክ ሥራ ሲታዘዝም ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ወጣቱ ሠራተኛ ነው፤ መኪናው በዓባይ በረሃ መካከል ቢቆም አብሮ የሚቆመው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፤ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል። የጥንቷ ቮልስ ባለቤቶች ብቻ ለዛሬ ዕረፍት አላቸው፤ የእርሷ ሞተር የሚበርደው በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም።

አስቀድመን በጋራዥ ቋንቋ እንግባባ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ ነው። ጓርኒሲዮን በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ ውኃውን ከዘይቱ፤ ሁለቱንም ከእሳቱ የሚለየው ስስ ንጣፍ ነው። ማኒኮቶ ራዲያተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። ካንዴላ ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጥ ነው። ቃላቱ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ለካዛንቺስ ሰው ግን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ የሠፈሩ ስም ራሱ ከዚያው የመጣ ነውና። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው የጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት በዚያ ቤቶችን አሠርቶ ነበር። የድርጅቱ ስም «ካዛ» ከሚለው ቃል ጋር በሰው አፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ካዛንቺስ ከጥንስሱ የመንግሥት ሠራተኛ ሠፈር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ሙቀት ሲሦው ያህል የሚወሰደው በውኃው ነው። ፓምፑ ውኃውን በሞተሩ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ቴርሞስታት የተባለው በር ውኃው 82 ወይም 88 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈትና ወደ ራዲያተሩ ያሳልፈዋል፤ በዚያም ነፋስ ያበርደዋል። ዙሩ ይህ ነው። በዚህ ዙር ውስጥ ውኃ የሚያልቅበት ምክንያት የለም። የተዘጋ ዕቃ ነውና፤ ከጎደለ አንድ ቦታ ወጥቷል።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከሌላው አገር ሰው ይልቅ የሚያሳስብ አንድ ነገር አለ። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ፤ ለምሳሌ በጅቡቲ፤ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በእኛ ዘንድ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቶቻችን ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል ሲላቸው ምክንያቱ አንድም ይኸው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቴርሞስታቱ በ88 ዲግሪ የሚከፈት ከሆነ፤ በጤነኛ ሞተርና በሚፈላ ሞተር መካከል ያለው ልዩነት በአዲስ አበባ 4 ዲግሪ ብቻ ነው!

ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ሰው ክዳኑን እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን በውስጡ ጠንካራ ሞላ አለው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 13 የሚል ቁጥር ተጽፎ ብታዩ፤ በውስጥ ያለው ግፊት እስከዚያ ደረጃ ሳይደርስ አልከፈትም ማለቱ ነው። በቆዩት መኪናዎች ከዚህ ያነሰም ይገኛል። 0.9 የሚለው ክዳን ጤነኛ ሲሆን በከተማችን የውኃውን መፍያ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያሳድገዋል። ግፊት ድስት ሽምብራውን ቶሎ የሚያበስለውም በዚሁ ሕግ ነው። ሞላው የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ ውኃውም በእንፋሎት መልክ በመንገድ ላይ ይበተናል፤ ጠብታውን ማንም አያየውም። ስለዚህ ራዲያተሩን ከመንቀላችሁ፤ ቴስታታውንም ከማስወረዳችሁ በፊት ክዳኑን አስመርምሩ። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚረሳው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ። ባለመኪና ሁሉ የሚጠይቀው «ውኃው የት ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተሳስቷል። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መቼ ይጎድላል?» የሚለው ነው። ጊዜው ከታወቀ ቦታው ራሱ ይናገራል።

ለዚህም አንድ ትንሽ ደብተር ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ሰው ለሁሉ ነገር ማኅደር መክፈት ልማዱ ነው፤ ለመኪናውም አንድ ይክፈት። ጧት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፤ የተጨመረውን ውኃ ልክና ትናንት የተኬደበትን መንገድ ይጻፍ። አንድ ሳምንት ይበቃል። በዚህ ደብተር የተነሣ ፍሳሽ የተባለው ነገር ጭራሽ ፍሳሽ ሆኖ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ይኸውም 8 ሊትር የሚይዝ ዙር ሲሞቅ ውኃው ሩብ ሊትር ያህል ያብጣል። ትርፉን የሚቀበል ጠርሙስ የሌለው የድሮ መኪና እስከ አፉ ቢሞላ፤ ያበጠውን በቀጭኑ ቱቦ ወደ መሬት ይተፋዋል፤ ጧት ደግሞ ጎድሎ ይገኛል። ባለቤቱ እንደገና ይሞላዋል፤ መኪናው እንደገና ይተፋዋል። ውኃው ከአፉ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ከዚያ በኋላ የማይቀንስ ከሆነ፤ በሽታው በመኪናው ሳይሆን በአሞላሉ ነው።

ከዚያ ደረጃ በታች መጉደሉን የማያቆም ከሆነ ግን ፍሳሹ እውነተኛ ነው፤ ጊዜውንም እንለይ።

አንደኛ፤ መኪናው ቆሞ ሲያድር የሚጎድል አለ። በአዲስ አበባ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ጎማውና ብረቱ ይኮማተራሉ፤ የማኒኮቶው ማሰሪያ ይላላል፤ ጥቂት ጥቂት ያንጠባጥባል። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ብረቱ ይለጠጥና ቀዳዳው ይደፈናል። ለጋራዡ በቀን ሲታይ ደረቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው መላ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማደር ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ነጥብ በየትኛው ክፍል ትይዩ እንዳረፈ ይነግራል፤ ቀለሙም ውኃ ወይም ዘይት መሆኑን ይለያል።

ሁለተኛ፤ በዳገትና በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚጎድል አለ። ይህ ግፊት ሲበረታ ብቻ የሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ የራዲያተሩ ስፌት፤ በማኒኮቶው ላይ ያለ የመርፌ ቀዳዳ ወይም ክዳኑ ሊሆን ይችላል። ውኃው ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ስለሚተን መሬት አይደርስም። ነገር ግን ዱካውን ይተዋል። ነጭ፤ ዝገት የመሰለ ወይም አረንጓዴ የደረቀ መስመር ካያችሁ እዚያ ላይ ቁሙ። ጥርጣሬው ያለበትን ቦታ በቀዝቃዛ ሞተር ጠርጎ አድርቆ ደረቅ የሕፃን ፓውደር መነስነስም ይረዳል፤ ከጉዞ በኋላ የረጠበው ዱቄት መንገዱን ያሳያል።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ ሲሽከረከር የሚጎድል አለ። የውኃው ፓምፕ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የፓምፑ የውስጥ መዝጊያ ሲያልቅ ውኃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ እንዳያበላሸው ሆን ተብሎ የተበጀች መውጫ ናት። በዚያ የደረቀ ዱካ ካለ ፓምፑ እየተሰናበተ ነው። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ የሚደፍኑ አሉ፤ እንዲህ ያለው ሥራ በሽታውን ወደ ኩሽኔታው መስደድ ነው።

አራተኛ፤ የመኪናው የውስጥ ማሞቂያ ሲከፈት የሚጎድል አለ። አምስተኛውና ክፉው ግን በየትኛውም ጊዜ ወደ ውጭ የማይወጣ፤ በጓርኒሲዮኑ ወይም በተሰነጠቀ ቴስታታ በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት አንድ ምሳሌ እናንሣ።

አንድ አዛውንት ላዳቸውን ይዘው በቂርቆስ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ መጡ እንበል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር በኮሪደር ልማት በብዛት ሲፈርስና ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲዛወር፤ የመኪናቸውን ጠባይ ለዓመታት የሚያውቀው የመንደር መካኒክም ከሠፈሩ ሄዷል። ሌላ ቦታ ጠይቀው «ቴስታታው ይውረድ» ተብለዋል፤ ዋጋውንም ሲሰሙ መኪናዋን ለመሸጥ አስበዋል። አዲሱ መካኒክ ወጣት ነው።

«ጋሼ፤ በቀን ስንት ይጨምራሉ?»

«አንድ ሃይላንድ፤ አንዳንዴ ከዚያ ያነሰ።»

«መቼ ይብሳል?»

«በክረምት። የሚገርመው በበጋ ይሻላታል።»

«በክረምት ማሞቂያውን ይከፍታሉ?»

«እንዴታ! መስተዋቱ ከውስጥ ጉም እየለበሰ አላሳይ ይለኛል። ማሞቂያውን ስከፍት ደግሞ ይብስበታል።»

«የሚሸት ነገርስ አለ?»

«ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ተሳፋሪ የረሳው ነገር መስሎኝ ነበር።»

ወጣቱ ቁልፍም አላነሣ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር እጁን ሰድዶ ምንጣፉን ገለጠው። ሥሩ ረጥቧል። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ስትሆን የማሞቂያዋ የውኃ መዝጊያ የሚገኘው ከሞተሩ ክፍል ሳይሆን ከሰው መቀመጫ በኩል፤ በዳሽቦርዱ ሥር ነው። ያ መዝጊያ ሲያረጅ ውኃው የሚፈሰው ወደ ምንጣፉ ነው፤ መሬት ላይ ጠብታ ቢፈለግ ከቶ አይገኝም። መስተዋቱን ጉም ያለበሰውም ይኸው እንፋሎት ነው። ቴስታታው ምንም አልሆነም። አዛውንቱን ከከባድ ወጪ ያዳናቸው ልዩ መሣሪያ ሳይሆን «መቼ ይብሳል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ምንጣፉ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄድ ነበር። ይኸውም በእጅ የሚነፋ፤ መለኪያ ያለው ፓምፕ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠምና በክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ቁጥር ድረስ ይነፋል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። መርፌው ካልወረደ ዙሩ በብርድ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሞቅ ሲል ደግሞ እንደገና ይፈተናል። መርፌው ወርዶ ውጭው፤ ምንጣፉም፤ የሞተሩም ጀርባ ደረቅ ከሆነ ግን ውኃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ለዚህም ምስክሮች አሉት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ የማያቋርጥ አረፋ ይታያል፤ ማኒኮቶው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ጢስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይቆምም፤ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ ይመስላል፤ የዘይቱም መለኪያ ሲወጣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። በዘይቱ ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጭ ቅባት ግን አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና የሚያጠራቅመው ላብ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አያስፈርድም። ከራዲያተሩ አፍ በሚወጣው አየር ላይ የሚፈተን ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ሁለት ሦስት ምስክር በአንድ ቃል ከተናገሩ ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ። በአንድ ምስክር ብቻ ግን አይሁን።

ከማይደረጉት ነገሮች ደግሞ ጥቂቶቹን እንጥቀስ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውኃው ወዲያው ፈልቶ ፊትና እጅን ይልጣል። ሞተሩን አጥፍቶ በእጅ ተዳስሶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። በተቃጠለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት አይጨመርም፤ ብረቱን ይሰነጥቃልና። ዕንቁላል፤ ቁንዶ በርበሬ ወይም የመድፈኛ ዱቄት በራዲያተር ውስጥ መጨመር ከበረሃ መውጫ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ቀዳዳውን የደፈነው ነገር የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ጠባብ ቱቦዎችም ይደፍናል። «ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ» ተብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም ልማድ ሆኗል፤ ሞተሩ ተገቢ ሙቀቱን ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ ዕድሜውም ያጥራል፤ እውነተኛው በሽታም ይደበቃል።

«አዲስ አበባ የበረዶ አገር አይደለችም፤ አንቲፍሪዝ ምን ያደርግልናል?» የሚሉም አሉ። መልሱ እንዲህ ነው። ይህ ፈሳሽ ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል የመፍያውን ደረጃ በ7 ወይም 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ዝገትን ይከላከላል። ባዶ ውኃ ሲጠጣ የኖረ አሮጌ ሞተር ከውስጥ ይበላል፤ በሞተሩ አካል ጎን ያሉት ክብ የብረት ክዳኖችም ቀጥነው ይቀደዳሉ፤ የዛሬው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የትናንቱ የቧንቧ ውኃ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ፈሳሹ ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ፤ ልጅና ውሻ በሚደርሱበት ዕቃ ውስጥ አይቀመጥም፤ በመሬት ላይም አይደፋም።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችሁ ጧት ጧት የሚያጠጣ ባለመኪና ካለ ይህን ገጽ አንብቡለት፤ ደብተርና እርሳስም ስጡት። የሳምንቱን ማስታወሻ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው መካኒኩን በግምት እንዳይሠራ ይረዳዋል፤ እርሱም ያለ ምክንያት ሞተሩን አያስፈታም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በየጧቱ የምትጨመረው አንድ ጠርሙስ ውኃ በሽታውን ትደብቃለች እንጂ አትፈውሰውም፤ ስለዚህ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበጃል።